ጥማድ ነኝ

የምክር ቤቱ ሥርዓት አስከባሪ ዱዌን የዋልተር ኬስለርን የስም ሰሌዳ በሁለት እጁ ይዞ በመሐለኛው መተላለፊያ ወረደ። አረማመዱ እንደ ወትሮው ዝግ ያለ ነው፤ እንጨቷን የያዘው ግን ቁርባን የሞላ ጽዋ እንደያዘ ሰው ነው። ከአርሊን ቶርስታድ ጠረጴዛ ሲደርስ ቆመ። የቶርስታድን ሰሌዳ በጣቱ ገፋ አድርጎ ቦታ አበጀና የኬስለርን ከጎኑ አስቀመጠው። ሁለቱም ከአንድ ዓይነት እንጨት የተሠሩ ናቸው፤ የኬስለሩን ግን ዕድሜ አጥቁሮታል፤ ጠርዙም ለዓመታት ሲታሸት ኖሮ ለስልሷል።

«በደንብ ይታያል ሴናተር?»

«ይታያል» አለ ቶርስታድ፤ ቀና ብሎ ግን አላየውም።

ዱዌን ወደ ኬስለር ባዶ ጠረጴዛ ሄዶ ከማንቆርቆሪያው ብርጭቆ ውሃ ቀዳ። ሽማግሌው ከታመመ ወዲህ ይህን አንድም ቀን አላስታጎለም። የማይጠጣ ውሃ ለምን ትቀዳለህ ብለው ሲቀልዱበት፣ «ወንበሩ የእሱ አይደለም እንዴ?» ብሎ መልሶላቸዋል ይባላል።

በዚያ ሴኔት አንድ ሰው ታሞ ወይም ሐዘን ገጥሞት ለድምፅ መምጣት ሲያቅተው፣ በነገሩ ከእሱ ጋር የማይስማማ ባልንጀራው ይጠመድለታል። የቀረው በአልጋው ይተኛል፤ የመጣው ድምፅ ሳይሰጥ አፉን ይዘጋል፤ ማንም አይጎዳም፣ ማንም አይጠቀምም። አንዱ በሬ ሲተኛ ሌላው ብቻውን አያርስም፤ ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው ሰው ሰሌዳ በመጣው ሰው ጠረጴዛ ላይ ይቆማል፤ ስሙ ሲጠራም ይነሳና «ጥማድ ነኝ» ብሎ ይቀመጣል። ይህ በየትኛውም የደንብ መጽሐፍ አልተጻፈም። ከተጻፈው የጠበቀውም ስላልተጻፈ ሳይሆን አይቀርም። በአያቶቻቸው ዘመን አንድ ሰው አፍርሶታል አሉ፤ ያ ሰው የሥራ ዘመኑ እስኪያልቅ ምሳውን ብቻውን በላ።

ቶርስታድ ሁለቱን ስሞች አያቸው። ከዚያ ዓይኑ ሳያስበው ወደ ሰገነቱ ወጣ። የአገሩ የቬስተርቢ ከተማ ሰዎች ከሙሉ ካፖርታቸው ጋር ሁለት ረድፍ ሞልተው ተቀምጠዋል፤ ጎህ ሳይቀድ በትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ተነስተው በበረዶ የመጡ ናቸው። ሴቶቹ እጃቸውን አውለበለቡለት። እሱም አውለበለበ። ከዚያ ሆነው አንድ ሰሌዳ ይሁን ሁለት መለየት አይችሉም፤ ቢለዩም ትርጉሙን አያውቁም። እጁን መልሶ ከጠረጴዛው በታች፣ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

ዛሬ ድምፅ የሚሰጥበት ረቂቅ የእሱ የራሱ ነው። የትንንሽ ከተሞች ሆስፒታሎች የማዋለጃ ክፍላቸውን እንዳይዘጉ፣ የዘጉትም እንዲከፍቱ፣ ስቴቱ ከነዳጅ ገቢው ካስቀመጠው ገንዘብ ድጎማ ይሰጣል። የቬስተርቢው ከተዘጋ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። ባለፈው ክረምት ጃኔል ሳንድቪግ የምትባል ወጣት ምጧ መጣና ባሏ በፒካፕ መኪናው ይዟት ወጣ፤ ነፋሱ በረዶውን ከሜዳው እያነሳ መንገዱን ሸፈነው። የስኳር ድንች ከሚከመርበት ሜዳ አጠገብ መኪናው ቆመ። ልጁ እዚያ ተወለደ፤ አላለቀሰም። ቶርስታድ በቀብሩ ላይ ነበረ። ሳጥኗን የተሸከመው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከአንድ ሰው በላይ አያስፈልጋትም ነበርና። ከቀብሩ መልስ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ ሳንድዊች በእጁ ይዞ፣ ይህን ጉዳይ ይዤ እሄዳለሁ ብሎ ለጃኔል ነገራት።

ታዲያ የረቂቁ ባለቤት እንዴት ተጠመደ?

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ከረባቱን ሳይፈታ፣ ሚስቱ ማርሊስ ድንቹን ከምድጃ እያወጣች ሳለ፣ ስልኩ ጮኸ። የኬስለር ሚስት አደሊን ነበረች።

«አርሊን፣ ይሄ ሰውዬ ልብሴን አምጪ እያለኝ ነው። በአምቡላንስም ቢሆን ሄጄ ድምፄን እሰጣለሁ ይላል። ሐኪሙ ደግሞ ከአልጋ ከወረደ አበቃለት ብሎኛል።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አንተ ካልተጠመድክለት አይተኛም።»

ሳትጨርስ እሺ አለ። ያን ጊዜ ድምፁ ተቆጥሮ ነበር፤ አንዱ ቢጎድል ሌላ ይተርፋል። አንድ ሽማግሌ ለሚያሸንፉት ረቂቅ ሲል ልቡ መንገድ ላይ እንዲቆም ማን ይፈርዳል? እንዲህ ብሎ ለራሱ ነገረው፤ እውነትም ነበር። ነገር ግን በእውነቱ ውስጥ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል፤ በስንዴ ውስጥ እንዳለ ክርዳድ ያለ። የረቂቁ ባለቤት ራሱ ለተቃዋሚው ተጠመደለት ሲባል ይሰማዋል። ቡና ላይ ሲያወሩት፣ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ይታየዋል። ደስ አለው። ለአንድ ደቂቃ ያህል በራሱ ደስ አለው።

ከዚያ ስልኩን ለኬስለር ሰጠችው። ድምፁ እንደ ገለባ ቀልሎ ነበር።

«አርሊን፣ ተጠመድን?»

«ተጠምደናል ዋልተር። ይተኙ።»

ማርሊስ ድንቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ጓንቷን ሳታወልቅ፣ አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ ለነጃኔል ነግረሃቸዋል ወይ ብላ። ነገ እነግራቸዋለሁ አላት። ነገ መጣ፤ ሄደ። ረቂቁ ስለሚያልፍ መንገሩ ለምን ያስፈልጋል ብሎ አሰበ። ሰው የሚያፍርበትን ነገር ሲደብቅ ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ምክንያት አያጣም።

ኬስለር ለእሱ ተራ ሰው አይደለም። ቶርስታድ መጀመሪያ የተመረጠ ዓመት ከስኳር ድንችና ከሱፍ አበባ በቀር የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው እርሻው በበረዶ ሥር ሲተኛ ነው፤ ከብቱን ለወንድሙ አደራ ብሎ፣ አንድ ሻንጣና ለቀብር የሚለብሰውን አንድ ሱፍ ልብስ ይዞ መጣ። ከራሱ ወገን ያናገረው ሰው አልነበረም። ከወዲያኛው ወገን ኬስለር መጥቶ፣ «አንተ የስኳር ድንቹ ሰውዬ፣ ምሳ በልተሃል?» አለው። መቼ መናገር፣ መቼ ዝም ማለት እንደሚገባ ያስተማረው እሱ ነው። የመንገድ ሥር ቱቦ፣ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ፣ የገጠር ስልክ፤ ከዚያ ወዲህ የሠራው ሥራ ሁሉ እንደዚህ ትንንሽ ነበር፤ በግሮሰሪው በር ላይ ሰው ክንዱን ይዞ የሚነግረውን ሰምቶ ወደ ሕግ መለወጥ። ይህንንም ከኬስለር ነው የተማረው። የጥማድን ነገር የነገረው ደግሞ በዚያው የመጀመሪያ ክረምት፣ ሾርባውን እያማሰለ ነበር፤ «ጥማድ በሁለት ነገር ብቻ ይፈታል ልጄ። አንድም ባሰረው ሰው ፈቃድ፣ አንድም በሞት። ከትዳር የሚለየው ምሳ የሚያበስልልህ አለመኖሩ ነው።» ከዚያ በራሱ ቀልድ እስኪያስለው ሳቀ።

በዚህ ረቂቅ ላይ አልተስማሙም። ኬስለር የነዳጁ ገንዘብ ዘር ነው ይላል፤ በጎተራ ያለ ዘር ደግሞ ቢርብህም አይበላም። የተናገረው በክፋት አይደለም። አያቶቹ ዘራቸውን የበሉበትን ክረምት በልጅነቱ ሲተረክ የሰማ ሰው ነው።

ስብሰባው ሊከፈት ሲል ሌስተር ሙንድት መጥቶ በቶርስታድ ጆሮ ላይ ጎንበስ አለ። የወገናቸው መሪ ነው፤ በአገሩ የእርሻ መሣሪያ ጨረታ አጫራች ስለሆነ ሲያንሾካሹክ እንኳ ዋጋ የሚጠራ ይመስላል።

«የምዕራቡ ሴናተር ከዳን። ማታ እራት ላይ ለወረዳህ ቦይ ይቆፈርልሃል ብለው ገዙት። አሁን እኩል ለእኩል ነን፤ እኩል ከሆነ ደግሞ ይወድቃል።» በጣቱ የኬስለርን ሰሌዳ ነካ አደረገ። «ይህችን እንጨት ለዱዌን መልስለትና አለቀ ደቀቀ።»

«አልችልም ሌስተር።»

«ትችላለህ እንጂ። እጅ አለህ፤ እንጨቷም ከባድ አይደለችም።» ሊስቅ ሞከረና ተወው። «እሺ፣ ለዋልተር ቃል ሰጥተሃል። እላይ ለተቀመጠችው ልጅስ ምንድነው የሰጠሃት?»

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል፤ ያን የተረተ ሰው ግን ያቺን ሳጥን አላያትም።

መዶሻው ተመታ፤ ሁሉም ለጸሎት ቆሙ። የዕለቱን ጸሎት የምታደርሰው ከሰሜን የመጣች የገጠር ቄስ ናት፤ ጸጉሯ አጭር፣ ድምፅዋ ሳይቸኩል የሚሄድ። ስለ እርሻው ጸለየች፤ ስለ መንገደኞች፤ በሥልጣን ላይ ስላሉ። ከዚያ ስለ ሕሙማን፣ በተለይም ስለ ወንድማችን ስለ ዋልተር አለች። ቶርስታድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጌታ ሆይ ዋልተርን፣ ብሎ ጀመረ። ልመናውን ግን ወደ መጨረሻው ማድረስ አቃተው። ዋልተርን ምን? እንደ ዘወትሩ ማረው ሊል ሲፈልግ፣ ሌላው ሐሳብ ቀድሞት ገባ። አንድም በሞት። ዓይኑ ተገለጠ፤ በግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየ ራሱን አገኘው። ከስም ጥሪው በፊት ከሆነ፣ አለ በውስጡ የሆነ ድምፅ፤ ጨዋ፣ የተረጋጋ፣ የስብሰባ ፕሮግራም የሚያወጣ ሰው የመሰለ ድምፅ።

ዕድሜውን ሙሉ በቤተ ክርስቲያን የመባ ሳሕን ያዞረ ሰው ነው። ክፉ ሐሳብ ወደ ሰው ልብ እንደሚመጣ ያውቃል፤ የእሱ ክፉ ሐሳብ ግን እስከ ዛሬ በጸሎት መሐል፣ የጸሎት ልብስ ለብሶ አልመጣበትም ነበር። «አሜን» አሉ ሁሉም። የእሱ አልወጣም።

ሰብሳቢው ረቂቁን ከምሳ በኋላ አደረገው። ቶርስታድ ወደ ምድር ቤቱ ካፍቴሪያ ወርዶ ክሬምና ድንች ያለበትን የሊጥ ሾርባ ተቀበለና ከግድግዳው አጠገብ ተቀመጠ። ገና አልቀመሰውም፤ ጃኔል በፎይል የተሸፈነ ትሪ ይዛ ከፊቱ ቆመች። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች የላኩለት የካራሜል ጥቅል ዳቦ ነው። የምትሠራው በእህል ጎተራው ሚዛን ቤት ነው፤ የለበሰችው የባሏን ጃኬት ነው፤ ትሪውን ስታስቀምጥ እጇ ሳታስበው ሆዷ ላይ አረፈ።

ማየቱን አየች።

«ከቤተሰብ ውጪ ለማንም ገና አልተናገርንም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የመጪው ክረምት የመጀመሪያ በረዶ ሲጥል ነው የሚሉኝ።»

እንኳን ደስ ያለሽ አላት፤ ከልቡም ነው። ስትጠመቅ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ የተቀበላት እሱ ነበር። አሁንም ፊቷ ያን ጊዜ እንደነበረው ክብ ነው፤ ከዓይኗ ሥር ብቻ ያለፈው ክረምት ተቀምጧል። ተቀመጪ አላት፤ አልተቀመጠችም። ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ እንዳላት፣ ባሏ ከአሁኑ የመኪናውን ጎማ ስለ መለወጥ ብቻ እንደሚያወራ፣ እናቷ ወደ ከተማ ገብተሽ ዘመድ ጋር ክረሚ እያለች እንደምትጨቀጭቃት ነገረችው።

«ሁሉም ይፈራልኛል። እኔ ግን ምን እንደምላቸው ታውቃለህ? አርሊን እዚያ አለ እላቸዋለሁ።»

አፉን ከፈተ። አሁን ነው የሚነግራት። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ምናልባት ሦስት። እጁን ወደ ትሪው ሰድዶ ፎይሉን ነካ።

«ገና ትኩስ ነው እኮ» አለ።

«አውቶቡሱ ማሞቂያ ላይ አስቀምጠነው ነው» አለች ጃኔል፤ ትከሻውን ዳበስ አድርጋውም ሄደች።

ሾርባው ላይ ስስ ቆዳ እስኪያወጣ ድረስ ተቀመጠ። ከዚያ ተነስቶ ከአዳራሹ ጀርባ ወዳለው የካፖርት ክፍል ገባ። ክፍሉ እርጥብ ሱፍና የከብት በረት ይሸታል፤ ከዚያ ሽታ ነጻ የሆነ ካፖርት በዚያ ሴኔት ጥቂት ነው። በካፖርቶቹ መሐል ቆሞ የሚለውን ተለማመደ። ዋልተር፣ ነገሩ ተለውጧል። ዋልተር፣ ይልቀቁኝ። መጠየቅ ያስነውር ይሆናል እንጂ ማፍረስ አይደለም፤ ያሰረው ሰው ሊፈታ ይችላል። እምቢ ካለም እምቢታውን ከእሱ አፍ ይስማ። ጠየቅሁ ሊል ይችላል፤ ቢያንስ ጠየቅሁ። በረጅሙ ተንፍሶ ደወለ።

አደሊን አነሳችው።

«አደሊን፣ አርሊን ነኝ።»

«አርሊን» አለች። «አሁን ሄደ። አሁን፣ ሐኪሙ ገና አልወጣም። እጁን ይዤው ነው ያለሁት።»

በቶርስታድ ውስጥ መጀመሪያ የተነሳው ሐዘን አልነበረም። ቁጥር ነው። አንድ ድምፅ ተጨምሮ፣ ረቂቁ አልፎ፣ በሩ ተከፍቶ ታየው፤ እግሩም ካለበት ሁለት ጣት ከፍ ያለ መሰለው። አንድ የልብ ምት ያህል ነው። ሐዘኑ ከኋላ መጣ፤ እውነተኛና ከባድ፤ ነገር ግን ሁለተኛ ሆኖ መጣ። እጁን ሰድዶ የማያውቀውን ሰው ካፖርት እጅጌ ጨበጠ።

የሚባለውን አላት፤ እሷም አመሰገነችው። ከዚያ ድምፅዋ ጠንከር አለ።

«ልጆቹ መንገድ ላይ ናቸው፤ ሁለቱም፣ በዚህ በረዶ እየነዱ። ከእኔ አፍ ነው መስማት ያለባቸው። በዚያ ቤት አንድ ሰው ካወቀ ራዲዮ ያውቃል፤ አንተም ታውቀዋለህ። እስኪደርሱ ለማንም አትንገርብኝ። ቃልህን ስጠኝ።»

«ለማንም አልናገርም።»

«ተኝቶልኝ ነበር እኮ። ከእሑድ ወዲህ ልብሴን አላለኝም። ‹አርሊን እዚያ አለ› አለኝና ተኛ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ለመሆኑ አንተ ለምን ነበር የደወልከው?»

«እንዲሁ ነው» አለ ቶርስታድ። «እንዴት ዋላችሁ ልላችሁ።»

«ደግ ነህ» አለች አደሊን።

ስልኩን ከዘጋ በኋላ ግንባሩን ካፖርቶቹ ላይ አስደግፎ ቆየ። ደግ ነህ። ሰው ከዚህ የከፋ ስድብ ሰድቦት አያውቅም።

ስም ጥሪው ሲጀመር ከውጭ ነፋሱ በረታ። በዚያ ሴኔት የገንዘብ ረቂቅ ድምፁ የሚሰጠው በአፍ ነው፤ ጸሐፊዋ በፊደል ተራ ትጠራለች፣ የተጠራው ቆሞ እደግፋለሁ ወይም እቃወማለሁ ይላል። ቶርስታድ ከመጨረሻዎቹ ነው። ሙንድት ከማዶ ሆኖ በእርሳስ እየቆጠረ፣ በየመሐሉ ቀና ብሎ ያየዋል።

«ኬስለር።»

ዱዌን ከበሩ አጠገብ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ እንደ ልማዱ ስለ ቀረው ሰው መለሰ። «ታሟል፤ ተጠምዷል።»

ጸሐፊዋ ምልክት አድርጋ አለፈች። ቶርስታድ አንገቱን ደፋ። የሞተ ሰው በሕያዋን መሐል ተጠርቶ፣ ሕያው ነው ተብሎ ተመለሰለት፤ ይህን በዚያ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ስሞቹ ወደ እሱ እየቀረቡ ሲመጡ፣ በጸሎት ጊዜ ያጣውን ጸጥታ በመጠኑ አገኘው። ጥማድ ነኝ ብሎ ቢቀመጥ ማንም አይወቅሰውም። ረቂቁ ይወድቃል፤ ማታ የኬስለር ሞት ሲሰማ ደግሞ፣ ያ ሰው ለሞተም ቃሉን ጠበቀ ይባላል። ዘመኑን ሙሉ ሲተረክለት ይኖራል። እንዴት ይጣፍጣል! ጣዕሙን ግን ለየው፤ እሑድ ዕለት ስልኩን ሲዘጋ በአፉ ውስጥ የነበረው ያው ጣዕም ነው። ለዚያ ጣዕም ሲል ነው ጃኔልን የረሳት። ተነስቶ እውነቱን ቢናገርስ? ነጻ ይወጣል፤ በበረዶ መሐል የሚነዱ ሁለት ልጆችም የአባታቸውን ሞት ከመኪና ራዲዮ ይሰማሉ፤ አደሊንም በሩ ላይ ቆማ የሚነገር ነገር አጥታ ትጠብቃቸዋለች። ሦስተኛ በርም አለ፤ እደግፋለሁ ብሎ ምክንያቱን አለመናገር፤ በዚያ የሚገባ ሰው ግን ንጹሕ ሆኖ አይወጣም፤ ሰው ሁሉ እያየ ከሐዲ ይሆናል። በልማዱ መሠረት ነጻ ነው፤ ኬስለር ራሱ ነግሮታል። ግን ያን ነጻነት ለምኖ እንዳገኘው የሚያውቁት እሱና የለመነው አምላክ ብቻ ናቸው።

«ቶርስታድ።»

ቆመ። ሁለቱ ሰሌዳዎች ከሆዱ ፊት ተደርድረዋል።

«እደግፋለሁ።»

የጸሐፊዋ እጅ በአየር ላይ ቀረ። ከወንበር ወንበር የልብስ መንኮሻኮሽ አለፈ፤ ከዚያ እሱም ቆመ። ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ።

«ሴናተሩ በፊቱ ያለውን ሰሌዳ ተመልክቷል?»

«ተመልክቻለሁ፣ ክቡር ሰብሳቢ።»

«ለምክር ቤቱ የሚሰጠው ማብራሪያ ይኖራል?» የሰብሳቢው ድምፅ ልመና ነበረበት፤ አንዲት ምክንያት ስጠንና እንቀበልሃለን የሚል።

ቶርስታድ የአደሊንን ‹ለማንም አትንገርብኝ› በጆሮው ሰማ። «የለኝም» አለና ተቀመጠ።

የቀሩት ተጠሩ። ረቂቁ አለፈ። ከሰገነቱ ጩኸትና ጭብጨባ ወረደ፤ ሰብሳቢው መዶሻውን አነሳና ሳይመታ መልሶ አስቀመጠው። ጃኔል ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና፣ ሴቶቹ ከግራና ከቀኝ አቅፈዋት ታየችው። ከታች ግን አዳራሹ ማንም የሌለበት ቤት መሰለ። ለብዙ ክረምት ከጎኑ ተቀምጣ የሚንት ከረሜላ ስታካፍለው የኖረችው ሴናተር ቨርና ሊንድኩዊስት ወንበሯን ሳብ አደረገች፤ ጥቂት ብቻ፣ እጇን ዘርግታ የማትደርስበት ያህል። ሙንድት እርሳሱን ኪሱ ከተተ። ይህን እንዲያደርግ የለመነው እሱ ሳለ፣ እሱም ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ።

ይህ እስከ ምሽት ብቻ ነው። ልጆቹ ይደርሳሉ፤ ራዲዮው ይናገራል፤ ሰዎቹም ሰዓቱን አስልተው ዋልተር ከስም ጥሪው በፊት እንደ ሞተ ይገባቸዋል። ነገ ጠዋት ቨርና ወንበሯን መልሳ ታስጠጋለች፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው እየመጡ ይቅርታ ይጠይቁታል። እሱም የእያንዳንዱን እጅ እየጨበጠ ምንም አይደለም ይላል። ይህን ሲያስብ ነው የጨነቀው። ያልሠራውን ይቅር ሲሉት፣ በልቡ የሠራውን ማን ዘንድ ይዞ ይሄዳል?

ዱዌን መጣ። በዚህ ጊዜ ቀስ ብሎ አልነበረም። የኬስለርን ሰሌዳ አነሳ፤ የቶርስታድ ጣቶች ጠርዙ ላይ እንደነበሩ ቶርስታድ ራሱ ያወቀው እንጨቷ ስትለቀው ነው።

«ይሄ እዚህ መቀመጥ የለበትም» አለ ዱዌን። ሴናተር አላለውም።

ሰሌዳውን በኮቱ እጅጌ እየጠረገ ወደ ባዶው ጠረጴዛ ወስዶ በቦታው አቆመው፤ ራቅ ብሎ አየውና አስተካከለው። ከዚያ የጠዋቱን ውሃ ደፍቶ፣ ከማንቆርቆሪያው አዲስ ቀዳ፤ እስከ አፉ ሞላው። ብርጭቆውን ኬስለር ሁልጊዜ በሚፈልገው በቀኝ በኩል አድርጎ፣ አንድ ሰው አሁን መጥቶ የሚጠጣው ይመስል፣ ወንበሩን ሳብ አደረገለት።

ቶርስታድ ውሃው መንቀጥቀጡን እስኪተው ድረስ ተመለከተው። ከላይ ከሰገነቱ አንዲት ሴት ስሙን ጠራች፤ ደስታ የሰበረው ድምፅ ነው፤ ደግማም ጠራችው። ገና ቀና አላለም።